ስለ ሕገ ኦሪትና ስለ ጠባቂዎቹ





በእምድብርና በአካባቢዋ ተወልዶ ያደገ የቸሐ ሰው፥ ሕግ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከአባቶቹ አፍ የሰማ ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች በየጆካ ሸንጎ ተቀምጠው የሚፈርዱበትና ቅጫ ተብሎ የሚጠራው ሕግ በብራና ሳይጻፍ በሽማግሌዎች ልብ ተጠብቆ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። በዚህ ሕግ ሰው የገደለ ከሀገሩ ይሸሻል፤ የሟቹ ወገን ደም ለመመለስ ይነሣል፤ ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ካሣው ከተቈረጠና መሐላው ከተፈጸመ በኋላ እርቅ ይወርዳል። እንግዲህ ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው፥ በኦሪት ዘኍልቍና በኦሪት ዘዳግም ስለ ስድስቱ የመማፀኛ ከተሞች የተጻፈው ሲነበብለት ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይሆንበትም። በዚያም ሳያስበው ነፍስ ያጠፋ ሰው ደም መላሹ እንዳያገኘው ወደ ከተማው ይሸሻል፤ ማኅበሩም በእርሱና በደም መላሹ መካከል ሆኖ ይፈርዳል።

ነገር ግን በሁለቱ ሕጎች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ኦሪት ሆነ ብሎ ለገደለ ሰው ሕይወት ካሣ እንዳይወሰድ ፈጽማ ከልክላለች። በስሕተት ገድሎ የሸሸውም ቢሆን ገንዘብ ከፍሎ ወደ ርስቱ ሊመለስ አይችልም፤ የሚመለሰው በዘመኑ ያለው ሊቀ ካህናት ሲሞት ብቻ ነው። ስለ ምን ይህ ሆነ ቢባል፥ በከንቱ የፈሰሰ ደም እግዚአብሔር የሚያድርባትን ምድር የሚያረክስ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የሁለት ወገኖች ሂሳብ ብቻ አይደለም የሚል መልስ ከዚያው ከመጽሐፉ እናገኛለን። የቤተ ክርስቲያን መምህራንም በሊቀ ካህናቱ ሞት ነጻ ስለሚወጣው ስደተኛ ሲያነቡ፥ እውነተኛው ሊቀ ካህናት በመስቀል ላይ ሞቶ ስደተኛውን አዳምን ወደ ርስቱ እንደ መለሰው ያስተውሉበታል።

ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው ግን የምሳሌውን ትርጓሜ ሳይሆን ታሪኩን ነው። ኦሪት በእስራኤል ዘንድ ምን እንደ ነበረች፥ ወደ ሀገራችን ገብታ ምን እንዳደረገች፥ ይልቁንም አባቶቻችን ከእርስዋ የትኛውን በብርቱ ጠብቀው የትኛውን እንደ ዘነጉ እንመለከታለን። የሀገራችንን ዘመናት በራሳችን አቆጣጠር፥ የውጭውን በኤውሮፓውያን አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

ኦሪት የሚለው ቃል ወደ ግእዝ የገባው ከአራማይስጥ ነው። ዕብራውያን ቶራ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ትምህርት፥ መምሪያ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ኦሪት ሲባል አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ከኢያሱ፥ ከመሳፍንትና ከሩት ጋር ተደምረው ስምንት ይሆናሉ። የአይሁድ መምህራን በሕጉ ውስጥ ያሉትን ትእዛዛት 613 አድርገው ይቈጥራሉ፤ ከእነዚህም 248ቱ አድርግ የሚሉ፥ 365ቱ አታድርግ የሚሉ ናቸው። ከእናንተ አንዱ መጽሐፉን ገልጦ ልቍጠር ቢል ቍጥሩ ላይገጥምለት ይችላል፤ ይህም አያስደንቅ፤ መምህራኑ ራሳቸው በዝርዝሩ ላይ ብዙ ተከራክረውበታልና።

ከሙሴ በፊት በዓለም ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ከጌታ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ያስጻፈው ሕግ በጥቍር ድንጋይ ላይ እንደ ተቀረጸ በ1901 ዓ.ም. በሱሳ ፍርስራሽ ውስጥ መገኘት ጀምሮ፥ ዛሬ በፓሪስ ከተማ በሉቭር ቤተ መዘክር ይታያል። ሰውን ስለሚወጋ በሬ የተሠራው ሕግ በባቢሎኑ ድንጋይም በኦሪት ዘፀአትም አለ። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች ሙሴ ከሐሙራቢ ቀዳ ለማለት ቸኩለዋል። ሁለቱን አስተያይቶ የሚያነብ ግን መንፈሳቸው የተለያየ መሆኑን ለማየት አይቸገርም። የባቢሎን ሕግ የሰውን ዋጋ በማዕርጉ ይለካል፤ የኰበለለ ባሪያን በቤቱ የሸሸገ ሰውም እንዲሞት ይፈርዳል። ኦሪት ዘዳግም ግን የኰበለለውን ባሪያ ለጌታው አሳልፎ መስጠትን ትከለክላለች፤ በመረጠው ስፍራ ሳይጨነቅ እንዲቀመጥም ታዛለች። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሕጉን የተቀበለው ሕዝብ ራሱ ከግብፅ ባርነት የኰበለለ ነበር። በእኛ ሀገር ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. እንደ ነበረ ስናስብ፥ ይህች የኦሪት ቃል በየቤተ ክርስቲያኑ ስትነበብ የሰሚው ጆሮ የት ነበር ማለታችን አይቀርም።

ሌላውም እንዲሁ ነው። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል፤ የእርሻ ዳር ሳይታጨድ ለድኃና ለመጻተኛ እንዲተው፤ በሰባተኛው ዓመት ዕዳ እንዲማር፤ በሃምሳኛው ዓመት የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ እንዲመለስ ታዟል። ለአገር ተወላጅና ለመጻተኛም ሕጉ አንድ እንዲሆን ሙሴ ደጋግሞ አጽፎታል። ሰው ኦሪት ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለው የእርያ ሥጋና የሰንበት ነገር ብቻ መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

ሕጉም ሁልጊዜ በሕዝቡ እጅ አልነበረም። በንጉሥ ኢዮስያስ ዘመን፥ ከጌታ ልደት በፊት በ622 ዓመት ገደማ፥ ቤተ መቅደሱ ሲታደስ የሕጉ መጽሐፍ ተገኘ፤ ንጉሡም ሲነበብለት ደንግጦ ልብሱን ቀደደ። ከባቢሎን ምርኮ በኋላም ዕዝራ ጸሓፊ ሕዝቡን በውኃው በር አደባባይ ሰብስቦ ከማለዳ እስከ ቀትር አነበበላቸው። ይህን የዕዝራን ንባብ ልብ በሉት፤ ኋላ በሌላ ስፍራ እናገኘዋለን።

ሮማውያን በ70 ዓ.ም. በጥጦስ አዝማችነት ኢየሩሳሌምን አጥፍተው ቤተ መቅደሱን ካቃጠሉ ወዲህ አይሁድ መሥዋዕት የሚያቀርቡበት ስፍራ አጡ። ከዚያ ወዲያ ሃይማኖታቸው የቆመው በመምህራን ጉባኤ ላይ ነው። ዮሐናን ቤን ዛካይ የተባለው መምህር በያብኔ ደቀ መዛሙርት ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። አይሁድ ከተጻፈው ኦሪት ሌላ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ሕግ አለን ይላሉ። የእምድብር ሽማግሌ ቅጫን በቃሉ እንደሚይዝ እነዚያም መምህራን ይህን ሕግ በቃላቸው ሲይዙት ኖረው፥ በ200 ዓ.ም. ገደማ ይሁዳ የተባለው አለቃቸው ሚሽና በሚባል መጽሐፍ ሰበሰበው። በሚሽናም ላይ የተደረገው የብዙ ዘመን ክርክር ታልሙድ ሆነ። ዛሬ አይሁዳዊ በሰንበት ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ የሚወስነው ኦሪትን ብቻ አንብቦ ሳይሆን በዚህ ትርጓሜ ተመርቶ ነው።

ክርስቲያኖችስ? ጌታችን ሕግን ሊሽር ሳይሆን ሊፈጽም እንደ መጣ በተራራው ላይ አስተምሯል። ሐዋርያትም በ49 ዓ.ም. ገደማ በኢየሩሳሌም ተሰብስበው፥ ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ይገረዙ ዘንድ ግድ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ነገር ከተከራከሩ በኋላ፥ የኦሪትን ቀንበር እንዳይጭኑባቸው ወሰኑ። ለጣዖት ከተሠዋ፥ ከደም፥ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት ግን እንዲርቁ አዘዙ። ይህ ውሳኔ ባይኖር ክርስትና በአይሁድ መካከል አንዲት ወገን ሆና በቀረች ነበር። ሆኖም ውሳኔው ራሱ ደምንና የታነቀውን በመከልከሉ ኦሪትን ጨርሶ ከማዕድ አላራቃትም። ሰንበትን በሚመለከት ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም። በአራተኛው መቶ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰቡ አባቶች ክርስቲያኖች በቀዳሚት ሥራ ፈትተው እንዳይውሉ ከለከሉ፤ በዲድስቅልያና በሲኖዶስ መጻሕፍት ግን ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ የሚያዝ ቃል ይገኛል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የያዘችው ይህን ሁለተኛውን ነው። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ ወንዱ በአርባ፥ ሴቷ በሰማንያ ቀን ትጠመቃለች፤ ይህም ቍጥር በኦሪት ዘሌዋውያን ስለ አራስ ከተጻፈው የመጣ ነው። ሰኰናው ያልተሰነጠቀ ወይም የማያመሰኳ እንስሳ አይበላም። ጽላት በመንበር ላይ ይቀመጣል። ቀዳሚት ሰንበት ስለ ሆነች አትጾምም፤ ጌታ በመቃብር ያደረባት አንዲቱ ቅዳሜ ብቻ ስለምትጾም ስሟ ቀዳም ሥዑር ተባለ፤ የተሻረች ቅዳሜ ማለት ነው። ይህች አንዲት ስም ከብዙ ሐተታ ይልቅ ነገሩን ትገልጻለች። ከዚህም ጋር ስለ ሰንበት እጅግ አጥብቆ የሚናገረው መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉውን ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ብራናዎች መካከል የዚሁ መጽሐፍ የዕብራይስጥ ቍርጥራጮች ተገኝተዋል።

ይህ ሥርዓት ግን ያለ ትግል የጸና አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል አጥብቀው ማስተማር ጀመሩ። ከእስክንድርያ የሚላኩት ጳጳሳት ይህን ትምህርት አልተቀበሉትም፤ የአይሁድ ሥርዓት ነው አሉ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስም ሀገራቸውን ትተው በግብፅና በኢየሩሳሌም አድርገው ወደ አርመን ሄዱ፤ በዚያም በ1345 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ፤ በዓላቸውም መስከረም 18 ቀን ይከበራል። ደቀ መዛሙርታቸው ከአብያተ ክርስቲያናት ተለይተው፥ ከጳጳሱም ክህነት አንቀበልም ብለው በየገዳማቸው ቆዩ። የደብረ ቢዘኑ አቡነ ፊልጶስና ባልንጀሮቻቸው በ1392 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ዳዊት ከተማ ተጠርተው፥ ሰንበትን ተዉ ቢባሉ እምቢ ስላሉ አራት ዓመት ያህል ታሰሩ። በ1396 ዓ.ም. ግን ንጉሡ አስፈትቶ እንደ ልማዳቸው እንዲያከብሩ ፈቀደላቸው። ሊቁ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም ሰንበትን ከሚደግፉት ወገን ነበሩ።

ነገሩ የተቈረጠው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ንጉሡ በ1442 ዓ.ም. በተጕለት ውስጥ በደብረ ምጥማቅ ታላቅ ጉባኤ አደረገ። ሁለቱ ግብፃውያን ጳጳሳት፥ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል፥ ቀዳሚትና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስም ልጆች በበኩላቸው ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል እሺ አሉ። መቶ ዓመት ያህል የቆየ መለያየት በዚህ ተፈጸመ። ስለ አንዲት ቀን ይህን ያህል መከራ መቀበል ምንድር ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለእነዚያ መነኮሳት ግን ቀኒቱ እግዚአብሔር በጣቱ ከጻፋቸው ከዐሥሩ ቃላት አንዲቱ ነበረች፤ ከዐሥሩ አንዱን የተወ ሌላውን በምን ያጸናል የሚል ነበር ጭንቀታቸው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ ወደ ፖርቱጋል ሄዶ በሊዝቦን ሲቀመጥ፥ የሀገሩ ካህናት አንተ አይሁዳዊ ሥርዓት አለብህ ብለው ከቍርባን ከለከሉት። እርሱም የቤተ ክርስቲያኑን እምነትና ሥርዓት የሚያስረዳ ጽሑፍ በ1526 ዓ.ም. ጻፈ፤ ዳሚያኦ ዴ ጎይሽ የተባለው የፖርቱጋል ጸሐፊም ወደ ላቲን መልሶ በማተም በኤውሮፓ አሠራጨው። ከሀገሩ ወጥቶ፥ ብቻውን፥ በባዕዳን መካከል ሆኖ ለቤተ ክርስቲያኑ ጠበቃ የቆመ ይህ ሰው ከሚገባው በታች ነው የሚታወሰው።

ሁለተኛው መልስ የንጉሥ ነው። ኢየሱሳውያን ወደ ሀገራችን ገብተው ያንኑ ክስ ሲያመጡ፥ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. ሃይማኖቱን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አወጣ። በዚያ ጽሑፍ ስለ ሦስት ነገሮች ይመልሳል። ቀዳሚትን የምናከብራት ውኃ እንደማይቀዱ፥ እሳት እንደማያነዱ እንደ አይሁድ አይደለም፤ ቍርባን በማቅረብና ማዕድ በማዘጋጀት ነው ይላል። ግዝረትን በተመለከተ፥ በኢትዮጵያና በኖባ ሰዎች ፊታቸውን እንደሚበጡ፥ ሕንዶችም ጆሮአቸውን እንደሚበሱ ያለ የሀገር ልማድ ነው እንጂ ለመዳን የታሰበ አይደለም ይላል። የእርያ ሥጋን የማንበላው በሕግ ተገድደን አይደለም፤ የሚበላውንም አናረክሰውም፥ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድደውም ይላል። በዚያ ዘመን በኤውሮፓ ሰው ስለ ሃይማኖት ልዩነት በእሳት ይቃጠል እንደ ነበር የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ንጉሥ ቃል እርጋታ ያደንቃል። ሕጉን ሳይጥል ከተስፋ መድኃኒት ለይቶ በቦታው አስቀመጠው።

ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ባዘነበለ ጊዜ የቀዳሚትን መከበር በአዋጅ ከለከለ። ገበሬው በዓመፅ ተነሣ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ለልጁ ለፋሲለደስ መንግሥቱን ሲለቅ የቀደመው ሥርዓት ተመለሰ። ስለዚህ ዘመን ብዙ ስለ ተጻፈ በዚህ እናልፈዋለን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። አባቶቻችን ስለ ሰንበት ሲታሰሩና ሲሰደዱ፥ በዚያው ዘመን፥ በሰሜንና በደምቢያ፥ በወገራና በላስታ፥ ሰንበትን ከእነርሱ ይልቅ አጥብቆ የሚጠብቅ ሌላ ሕዝብ ጎረቤታቸው ነበር። ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። ኦሪትን የሚያነቡት እንደ እኛው በግእዝ ነው። ልጆቻቸውን በስምንተኛው ቀን ይገርዛሉ፤ የፋሲካን በግ ያርዱ ነበር፤ ሴቶቻቸውም በወር አበባቸው ጊዜ በየደም ጎጆ ይቀመጡ ነበር፤ ትእዛዘ ሰንበት የሚባል መጽሐፍ አላቸው። በራሳቸው ወግ እንደሚነገረው፥ ምንኵስናን ያስተማራቸው በ15ኛው መቶ ዓመት ከክርስቲያኖች ወገን ወደ እነርሱ የገባ አባ ጽብራ የተባለ መነኵሴ ነው።

ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን በጦር ድል ካደረገ በኋላ፥ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፥ ያልተጠመቀ ግን ከርስቱ እንዲነቀል ማዘዙ በሀገራችን የታሪክ ወግ ተጽፏል። ፈላሻ የሚለውም ስም ፈለሰ ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር የተያያዘ፥ ርስት የሌለው መጻተኛ የሚያሰኝ ስለ ሆነ፥ እነርሱ ስድብ አድርገው ይቈጥሩታል። ዐፄ ሠርፀ ድንግልና ዐፄ ሱስንዮስም ዘመቱባቸው። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ይኖራልና፥ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፥ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ክርስቲያኑም ማረሻውን እነርሱ ሠርተውለት እያረሰ፥ እንስራውንም ከእነርሱ ገዝቶ ውኃ እየቀዳበት፥ ቡዳ ናቸው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እያለ ይሸሻቸው ነበር። ሰንበትን ለማክበር ሲል መከራ የተቀበለ ሕዝብ፥ ሰንበትን ያከበረ ሌላውን ሕዝብ እንዲህ አደረገው። መጻተኛና ተወላጅ በአንድ ሕግ ይዳኙ የሚለው የሙሴ ትእዛዝ ከሰንበት ትእዛዝ ጋር በአንድ ጥቅልል የተጻፈ ነው፤ የተነበበው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ይህ ነገር በቤተ እስራኤል ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በጀመርንበት በጉራጌ ምድርም ይታወቃል። እምድብር አካባቢ የሄደ እንግዳ የጉራጌን ቤት ውበት አይቶ ሳያደንቅ አያልፍም። የዚያን ቤት እንጨት የሚጠርቡት እጆች ግን ፉጋ ተብለው የተለዩ ባለሙያዎች እጆች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የእንሰት ማሳ ባለርስት እንዳይሆኑ፥ ከሌላውም ጋር በጋብቻ እንዳይቀላቀሉ ልማዱ ለብዙ ዘመን ከልክሏቸዋል፤ ስሙም እስከ ዛሬ የሚያቈስል ነው። ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩም ከዚህ ንቀት ድርሻቸውን አግኝተዋል። አንዳንዱ ሰው ይህን ነውር በንጹሕና በርኩስ ሕግ ሊያስደግፈው ይሞክራል። ኦሪት ዘሌዋውያንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብናነብ ግን ርኩስ የተባለ እንስሳ፥ ርኩስ የተባለ ደዌ፥ ርኩስ የተባለ ሥራም እናገኛለን እንጂ፥ በእጅ ሙያው ርኩስ የተባለ ሰው አናገኝም። ይልቁንም በኦሪት ዘፀአት የእግዚአብሔር መንፈስ መላበት ተብሎ በስሙ ተጠርቶ የተነገረለት ሰው ባስልኤል ነው፤ እርሱም ካህን አይደለም፥ ነቢይም አይደለም፤ ወርቅ አንጣሪ፥ ድንጋይ ቀራጭ፥ እንጨት ጠራቢ ነው። ታቦቱን የሠራው እርሱ ነው። ታቦት ሲወጣ በእልልታ የምንቀበል ሰዎች የመጀመሪያውን ታቦት ጠራቢ ልጆች እንዴት ከማዕዳችን አራቅናቸው?

ወደ ቤተ እስራኤል ታሪክ እንመለስ። በ1860 ዓ.ም. ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለ ከኤውሮፓ የመጣ አይሁዳዊ ሊጎበኛቸው በደረሰ ጊዜ፥ ነጭ አይሁዳዊ በዓለም አለን ብለው ተደነቁ፤ ከኦሪት ጠባቂዎች በምድር ላይ የቀሩት ራሳቸው ብቻ ይመስላቸው ነበርና። በ1896 ዓ.ም. ደግሞ ያዕቆብ ፋይትሎቪች መጥቶ ትምህርት ቤት ለመክፈትና ከሌላው ዓለም አይሁድ ጋር ለማገናኘት ብዙ ደከመ። በ1965 ዓ.ም. የእስራኤል ሊቀ ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከነገደ ዳን የወጡ አይሁድ መሆናቸውን ወሰነ። ከ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በሱዳን በኩል ብዙ ሺህ ሰዎች ተወሰዱ፤ በመንገድም በረኃብና በደዌ ያለቁት ብዙ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት 16 እና 17 ቀን ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ።

በዚያም ሌላ ጥያቄ ቆያቸው። ቤተ እስራኤል ሚሽናንና ታልሙድን አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁት የተጻፈውን ኦሪት ነበር። ስለዚህ የእስራኤል ራቢዎች ጋብቻ ለመፈጸም አስቀድመው በውኃ ይነከሩ ብለው ጠየቋቸው። ስለ ኦሪት ርስታቸውን ያጡ ሰዎች አይሁድነታችሁ ይረጋገጥ በመባላቸው እጅግ አዘኑ፤ በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም በኢየሩሳሌም በራቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ወደ አንድ ወር የሚጠጋ ተቃውሞ አደረጉ። በጎንደር ሳሉ አይሁድ ናቸው ተብለው ተገፉ፤ በጽዮን ደግሞ አይሁድ ናችሁን ተብለው ተጠየቁ።

ከእነርሱ ጋር ከሄዱት ነገሮች አንዱ ስግድ የሚባለው በዓል ነው። ከማስተስረያ በዓላቸው በኋላ በሃምሳኛው ቀን ጾመው፥ ቄሶቹ ኦሪትን ተሸክመው ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ቀድሞ በጎንደር በአምቦበር ይከበር ነበር። በዚያ ከሚነበበው አንዱ ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ ሲሰበሰብ ዕዝራ ሕጉን ያነበበበት ታሪክ ነው፤ አስቀድመን ልብ በሉት ያልናችሁ ይህን ነው። በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል መንግሥት ስግድን በሕግ በዓል አድርጎ ደነገገ። ዛሬ በኢየሩሳሌም ሽማግሌዎቹ ቄሶች ባለ ጥለት ጃንጥላ ዘርግተው በግእዝ ሲያነቡ፥ በዚያ የተወለዱት ልጆች ቋንቋውን ባያውቁትም ቆመው ይሰማሉ።

ስለ እነዚያ ኦሪቶች አንድ ነገር ነግረናችሁ እናቁም። ከቤተ እስራኤል ቄሶች እጅ የተገኙት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ የክርስቲያን ጸሓፊዎች እጅ ሥራ ናቸው። ቄሱ ኦሪት ሲያስፈልገው ከክርስቲያኑ ደብተራ ይገዛ ነበር፤ ደብተራውም ቀለሙን በጥብጦ፥ ብራናውን ዳምጦ፥ ለክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እንደሚጽፈው አድርጎ ይጽፍለት ነበር። በአንዳንዱ መጽሐፍ የሥላሴ ስም የነበረበት ስፍራ በቢላዋ ተፍቆ ይታያል፤ በምትኩም የእስራኤል አምላክ ስም ተጽፎበታል። ከዚያች ከተፋቀችው መሥመር በታች ያለው ንባብ፥ ስለ ሰንበትም ስለ መጻተኛም ስለ ባስልኤልም የተጻፈው ጭምር፥ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ካለው ኦሪት ጋር አንድ ነው።